ስለ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችና ስለ ደብረ ጽዮን ገዳም ታሪክ

ሰማዩ በጠራ ቀን ከአሰላ በላይ በጭላሎ ተራራ ጎን ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው፥ ከገብሱና ከስንዴው እርሻ በታች አገሩ ወደ ቈላ እየወረደ ሄዶ ሰፊ ውሃ ላይ ሲያበቃ ያያል። ይህ ውሃ የዝዋይ ሐይቅ ነው፤ ኦሮሞዎች ደምበል ይሉታል። አሰላ ከባሕር በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ሐይቁ ግን 1,636 ሜትር ያህል ነው። ከጭላሎ፥ ከገለማና ከካካ ተራሮች የሚወርደው ውሃ በከተር ወንዝ ተሰብስቦ በምሥራቅ በኩል ይገባበታል፤ ከጉራጌ ተራሮች የሚመጣው የመቂ ወንዝ ደግሞ በሌላው በኩል ይገባበታል። ሐይቁ ከሁለት ወገን ተራራ የሚጠጣ ነው። በውስጡ የሚኖረው ሕዝብም እንደ ውሃው ከብዙ ወገን የተሰበሰበ መሆኑ ከዚህ በታች ይታያል።

በሐይቁ ውስጥ አምስት የታወቁ ደሴቶች አሉ። ትልቁና ከፍተኛው ቱሉ ጉዶ ይባላል፤ በኦሮምኛ ትልቅ ኮረብታ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ስሙ ግን ደብረ ጽዮን ነው። የቀሩት ጸደቻ፥ ፉንዱሮ፥ ደብረ ሲናና ገሊላ ይባላሉ። ጽዮን፥ ሲናና ገሊላ በአንድ ትንሽ ሐይቅ ውስጥ መገኘታቸው አያስደንቅም። ላስታ ላይ ወንዙን ዮርዳኖስ ያሉት አባቶች እንዳደረጉት ሁሉ፥ እዚህም ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ ያልቻለ ሰው ቅድስቲቱን አገር በስም ወደ ራሱ አምጥቷታል። የኦሮምኛውና የግዕዙ ስም በአንድ ደሴት ላይ አብረው መኖራቸው ደግሞ የአገሩን ታሪክ ግማሹን ይናገራል።

ገዳም በደሴት ላይ መሥራት የኢትዮጵያ ብቻ ልማድ አይደለም። ዓለምን ለመተው የፈለገ ሰው ከከተማ ግንብ ይልቅ ውሃ የተሻለ አጥር እንደሚሆነው በሁሉ አገር አውቋል። ሃይማኖታቸው ከእኛ እጅግ የራቀ የቡድሃ መነኮሳት እንኳ በሲሎን አገር በራትጋማ ሐይቅ ላይ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1911፥ ኛናቲሎካ የሚባል ጀርመናዊ መነኵሴ በመሠረተው ደሴት ገዳማቸው ከሰው ተለይተው ይቀመጣሉ። በእኛም አገር አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምእት ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ አስተማሩ፤ የጣና ደሴቶችም ብዙ ገዳማትን ተሸከሙ። ነገር ግን ውሃ ሁልጊዜ ጠባቂ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ጠረፍ ያለው የሊንዲስፋርን ደሴት ገዳም በፈረንጅ አቆጣጠር በ793 ከባሕር በመጡ የሰሜን ሰዎች ተዘረፈ፤ መርከብ ላለው ጠላት ባሕሩ መንገድ ነበርና። ዝዋይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የሐይቁ ስፋት 440 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል፥ በጥልቁም ስፍራ ዘጠኝ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል ውሃ ገዳሙን የጠበቀው በጥልቀቱ አይደለም። በዳርቻው የሰፈረው ሰው ከብት አርቢና በፈረስ የታወቀ ስለ ነበረና ታንኳ መሥራቱና መቅዘፉ ለደሴቱ ሰዎች ብቻ ስለ ቀረላቸው ነው።

እንግዲህ የገዳሙ ሰዎች ከአባት ለልጅ ሲያወርዱት የኖሩት ትውፊት እንዲህ ነው። ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንንና መጻሕፍቱን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ ከብዙ መከራም በኋላ ዝዋይ ደርሰው ወደ ደሴቱ ተሻገሩ። ታቦተ ጽዮን በዚያ ሰባ ዓመት ተቀመጠች። አንበሳ ውድም በነገሠ ጊዜ ሰላም ሆነና ወደ አክሱም ተመለሰች፤ ከካህናቱ ግን ከፊሎቹ ቀሩ፥ የዛይ ሰዎችም ከእነዚያ የተወለዱ ናቸው ይባላል። ደሴቱ ደብረ ጽዮን መባሉም ስለዚህ ነው ይላሉ።

ይህን ነገር በሁለት ዓይነት መቀበል ተለምዷል። አንዳንዶቹ አንድ ቃል ሳይጎድል እንደ ተጻፈ ወንጌል ይይዙታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ፥ ይልቁንም በውጭ አገር ትምህርት የተማሩት፥ ተረት ነው ብለው በአንድ ቃል ይጥሉታል። ሁለቱም ሳይመረምሩ መፍረድ ነው። በ10ኛው ምእት ዓመት አንዲት ንግሥት የኢትዮጵያን አብያተ ክርስቲያናት ማቃጠሏና ንጉሡን ከስፍራ ወደ ስፍራ ማሳደዷ ተረት አይደለም። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ፥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባ ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ ጽፎ መከራውን እንዳስታወቀና ጳጳስ እንዲላክለት ለፓትርያርኩ እንዲለምንለት እንደ ጠየቀ፥ ይህም በአባ ፊላታዎስ ዘመን እንደ ተፈጸመ ይመሰክራል። በዚያው ዘመን የነበረው ዐረባዊው መንገደኛ ኢብን ሐውቀልም የሐበሻን አገር አንዲት ሴት ይዛ እንደምትገዛ ጽፏል። ስለዚህ ካህናት መሸሻቸው፥ ንዋየ ቅድሳትንም ይዘው መሸሻቸው የሚታመን ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ጥያቄ ይነሣል። ከአክሱም እስከ ዝዋይ በአሞራ መንገድ እንኳ ቢለካ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ዘመን በመካከሉ ያለው አገር የቱ ክርስቲያን፥ የቱ አረማዊ እንደ ነበረ የሚያውቅ፥ እንዲህ ያለውን መንገድ ለስደተኛ ካህናት ቀላል ነው አይልም። ስለ መጻሕፍቱም የሚባለው እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ምድር ከ13ኛው ምእት ዓመት በፊት የተጻፈ ብራና እጅግ ጥቂት ነው፤ ከሁሉ የሚቀድመው የአባ ገሪማ ወንጌል ነው። የደብረ ጽዮን ብራናዎች የከበሩና ጥንታውያን ቢሆኑም የመካከለኛው ዘመን እንጂ የአክሱም ዘመን መጻሕፍት አይደሉም። መጽሐፍ ደግሞ ከመጽሐፍ ይገለበጣል፤ የአሁኑ ብራና ዕድሜ የመጀመሪያውን ዕድሜ አይወስንም የሚል ሰው ቢኖር ንግግሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ይህ ሊሆን ይችላል ለማለት ይበቃል እንጂ ሆኗል ለማለት አይበቃም።

ከብራናው ይልቅ የሚመሰክር ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የሕዝቡ አፍ ነው። የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ፤ አርሲዎች ላቂ ይሏቸዋል። ቋንቋቸውም ዛይ ነው። ይህ ቋንቋ ሴማዊ ነው፤ ይሁን እንጂ ከግዕዝና ከትግርኛ ወገን አይደለም። የቋንቋ ሊቃውንት መርምረው ከስልጢኛ፥ ከወለንኛና ከሐረር ከተማ ቋንቋ ጋር በአንድ ቤት ይቈጥሩታል። የዛይ ሰዎች ሁሉ ከአክሱም ካህናት ብቻ ቢወለዱ ኖሮ ንግግራቸው ወደ ሰሜን ባዘነበለ ነበር። የእናታቸው ቃል ግን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ይጠራቸዋል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ቢጠየቁ ከአክሱም ብቻ መጣን አይሉም፤ በግራኝ ዘመን ከሸዋ የሸሹ፥ ከጉራጌና ከሀድያ ወገንም የተሻገሩ አባቶች እንዳሏቸው ይናገራሉ። እንግዲህ ትውፊቱ ራሱ፥ ሙሉውን የሚያዳምጠው ቢያገኝ፥ ከቋንቋው ምስክር ጋር አይጣላም። ሰው የሚያዳምጠው የታቦቱን ነገር ብቻ ሆነና የቀረው ተረሳ።

በቅኔ ቤት ሰሙን ሰምቶ የሚሄድ ተማሪ ምን እንደሚባል ይታወቃል። ስለ ዝዋይ ብዙ ጊዜ የሚነገረውም ሰሙ ነው። ታቦተ ጽዮን ሰባ ዓመት ተቀመጠች፥ ተመለሰች ይባልና የደሴቱ ክብር በእንግድነቷ ብቻ ይለካል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ረጅም ዘመን፥ ባለቤቶቹ የሠሩትን ሥራ፥ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

የጽሑፍ ምስክር የሚጀምረው በኋለኛው ዘመን ነው። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ሀድያ አገር ሲጽፍ፥ በዚያ አንድ ታላቅ ሐይቅ እንዳለ፥ ከቀደሙት የኢትዮጵያ ነገሥታት አንዱ በደሴቱ ላይ ገዳም አሠርቶ በእስላሞች አገር መካከል ብዙ መነኮሳትን እንዳስቀመጠበት፥ ከእነርሱም አብዛኞቹ በንዳድ እንደ ሞቱ፥ ጥቂቶቹ ከደሴቱ ወጥተው በሐይቁ ዳር እንደ ቀሩ ይናገራል። መጽሐፉ በሊዝበን ከተማ በ1533 ዓ.ም. ታተመ። ሊቃውንት ይህ ሐይቅ ዝዋይ እንደ ሆነ ያስባሉ፤ በሀድያ ወገን እንዲህ ያለ ደሴትና ገዳም ያለበት ሌላ ሐይቅ አይታወቅምና ሐሳባቸው የተገባ ነው። አልቫሬዝ የጻፈው ነገር ከትውፊቱ ጋር ሲተያይ ጥቅሙ ይገለጣል። በእርሱ አነጋገር ገዳሙ የስደተኛ መጠጊያ ሳይሆን የንጉሥ ሥራ ነው፤ ከዐምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ መንግሥቱ ወደ ደቡብ ሲሰፋ ቤተ ክርስቲያንም አብራ ትሰፋ ነበርና ይህ በሌላም ስፍራ የታየ ነው። ሁለቱን ታሪኮች ማጣላት ግን አያስፈልግም። ቀድሞ ክርስቲያን ያለበትን ስፍራ ንጉሥ በገዳም አጸናው ማለት ይቻላል። ወባው ደግሞ ሊረሳ አይገባውም፤ መነኵሴውን በሐይቁ ዳር የሚገድለው ሰይፍ ብቻ አልነበረም።

አልቫሬዝ ከወጣ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላ በ1521 ዓ.ም. የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሆነ፤ ኢማም አሕመድ ግራኝ ሸዋንና ደቡቡን ያዘ። እርሱ በ1535 ዓ.ም. ከሞተ በኋላም የቀድሞው ሥርዓት ወደ ስፍራው አልተመለሰም። ኦሮሞ በሰፊው ተንቀሳቅሶ በሐይቁ ዙሪያ ያለውን አገር ሰፈረበት፤ አርሲም አርሲ ሆነ። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1870ዎቹ ድረስ፥ ሦስት መቶ ከአርባ ዓመት በሚያህል ዘመን፥ የዝዋይ ደሴቶች ከክርስቲያኑ መንግሥት ተቈርጠው ቀሩ።

ሦስት መቶ ከአርባ ዓመት በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ጎንደር ተቈርቁራ፥ ገንና፥ ወድቃ ያለፈችበት ዘመን ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። በኢትዮጵያ ጳጳሱ አንድ ነበረ፤ ካህን ደግሞ ያለ ጳጳስ አይሾምም። ስለዚህ በደሴቱ ላይ ቅዳሴው በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ሳይታጎል እንደ ሥርዓቱ ተፈጽሟል ብሎ በድፍረት መናገር ከሊቅ አይጠበቅም። የቀረውን ግን ሁሉ ያየዋል፤ ታቦቱ ቀረ፥ ብራናው ቀረ፥ ጾሙና በዓሉ ቀረ፥ ክርስቲያን ነን የሚለውም ቃል ቀረ። ይህንም ያደረጉት ግዕዝ የእናታቸው ቋንቋ ያልሆነ፥ መጽሐፉን የሚያነብላቸው ሰው ባነሰ ጊዜ እንኳ መጽሐፉን ያልጣሉ ሰዎች ናቸው። አንብቦ የሚጠብቅ ይመሰገናል። ማንበብ ሳይችል ብራናውን ከምስጥ፥ ከጢስና ከውሃ የጠበቀ ገበሬ ግን በየትኛው ገድል ተጻፈ?

ኑሯቸውም ቀላል አልነበረም። ደሴቶቹ ድንጋያማና ጠባብ ናቸው። የዛይ ሰዎች የኮረብታውን ጎን በድንጋይ እርከን እየከለሉ አፈሩን ይዘው አረሱ፤ ዓሣ አጠመዱ፤ ሸማ ሠሩ። የሠሩትንም በታንኳ ወደ ዳር አሻግረው ከአርሲዎች ጋር ይለዋወጡ ነበር። ከዚህ የተነሣ በዳርና በደሴት መካከል የነበረው ነገር ጠብ ብቻ እንደ ነበረ አድርጎ መጻፍ ስሕተት ነው። ጠብ ነበረ፤ ገበያም ነበረ። ብዙዎቹ ዛዮች ኦሮምኛ አቀላጥፈው መናገራቸው ከጠብ የመጣ ትምህርት አይደለም።

የሸዋ ንጉሥ ምኒልክ ወደ አርሲ መዝመት ከጀመሩበት ከ1874 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። በራስ ዳርጌ የሚመራው ጦር ከብዙ ውጊያ በኋላ፥ ይልቁንም በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ ከሆነው ከአዙሌው ጦርነት በኋላ፥ አገሩን ያዘ። የደሴቶቹም መንገድ ወደ ሸዋ ተከፈተ። በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ ይህ ጊዜ እንደ መውጫ፥ እንደ ትንሣኤ ይነገራል፤ ለደሴቱ ክርስቲያን በእውነት እንዲሁ ነበረ። ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በተራራው ላይ ለሚኖረው አርሲ ግን ያው ጊዜ የሞትና የመገዛት ጊዜ ነው። እነ ሌንጂሶ ዲጋ የተዋጉለት አገር ተያዘ፥ መሬቱም ለጦረኛ ተከፈለ። በአኖሌ ደረሰ ተብሎ በአርሲዎች አፍ ሲነገር የኖረው የእጅና የጡት መቈረጥ ነገር፥ በ2006 ዓ.ም. በሂጦሳ ሐውልት ቆሞለታል። የአንዱን ደስታ ሲጽፍ የሌላውን እንባ የሚዘል ሰው የታሪክ ጸሐፊ አይባልም፤ በአንድ ዓመት፥ በአንድ ሐይቅ ዳር፥ ሁለቱም ሆነዋልና።

ዛሬ ወደ ደብረ ጽዮን የሚሄድ ሰው ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ቀድሞ ዝዋይ፥ አሁን ባቱ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ፥ በ1982 ዓ.ም. ያረፉት የሸዋ ሊቀ ጳጳስ፥ የካህናት ማሠልጠኛና ገዳም ያቋቋሙት በዚህች ከተማ ነው። የዘመናችን ብዙ ሰባክያንም ከዚያ ወጥተዋል። ጥንት መጽሐፍ አንባቢ ባጣበት ሐይቅ ዳር የመጽሐፍ ትምህርት ቤት መቆሙ መልካም አጋጣሚ ነው። ከአሰላ የሚነሣ ሰው ደግሞ በኦጎልቾ በኩል ወደ ሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ይወርዳል።

ከዚያ በጀልባ ይኬዳል። በዳሩ ጉማሬ ይታያል፤ ፔሊካኖች በሰልፍ ይዋኛሉ፤ አባ ኮዳ ዓሣ አጥማጁን እንደ አበዳሪ ቆሞ ይጠብቀዋል። የደሴቱን ኮረብታ የወጣ ሰው የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ይቆምበት የነበረውን ስፍራ ያያል፤ አሁን ያለው ከዚያ ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው። ከላይ ሆኖ ሲመለከት በአንድ ወገን የጉራጌ፥ በሌላው ወገን የአርሲ ተራሮች ቆመዋል፤ ከታች የቀሩት ደሴቶች ተበትነው ይታያሉ። ኅዳር 21 ቀን፥ በጽዮን በዓል፥ ምእመናን በጀልባ ይሻገራሉ። ይህን ስፍራ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የታቦቱን ነገር ነው። እርከኑን ማን እንደ ሠራው የሚጠይቅ ቢገኝ የበለጠ ይማር ነበር።

ውሃው ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። ከሐይቁ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይፈስሳል፤ ከዝዋይና ከገባሮቹ ለመስኖ የሚቀዳው ውሃ በበዛ መጠን ወንዙ እየቀነሰ፥ አብያታም እየሸሸ ሄዷል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በዳሩ የአበባ እርሻ ተስፋፋ፤ እንቦጭ የሚባለውም አረም በሐይቁ ላይ ታይቷል። የዛይ ሰዎችም ከጠባቡ ደሴት ወደ ዳር እየወጡ ሰፍረዋል፤ ልጆቻቸው በኦሮምኛና በአማርኛ ይማራሉ፥ የአባታቸውን ቋንቋ የሚናገሩት ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። ለሐይቁ ቅርብ የሆነው ስልጢኛ ዛሬ በመጽሐፍና በትምህርት ቤት የሚገኝ ቋንቋ ሲሆን፥ የግዕዙን ብራና ያን ያህል ዘመን የጠበቀው የዛይ አፍ ግን የራሱ መጽሐፍ እጅግ ጥቂት ነው። በደብረ ጽዮን ካህኑ መጽሐፉን በግዕዝ ያነብባል፥ ስብከቱ በአማርኛ ይሰጣል፤ ታንኳውን ወደ ውሃ የሚገፉት ሽማግሌዎች ግን እርስ በርሳቸው አሁንም በዛይ ይነጋገራሉ።